ዘንግ ወይስ ፓድ? ከቀራንዮ ጌም ቤት የመጣ የፊዚክስ ጥያቄ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ የአንደኛ ዓመት የሜካኒክስ ትምህርት ከምናስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ ወደ ቢሯችን ጎራ አለ። ስለ ፈተና ውጤቱ ሊጠይቀን የመጣ መስሎን መዝገባችንን ስናወጣ፣ እርሱ ከቦርሳው ያወጣው አንድ ጎኑ በፕላስተር የታሸገ የፕሌይስቴሽን መጫወቻ ነበር። ወጣቱ ያደገው በቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ሰፈር ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሙ በዚያው ሰፈር በከፈተው ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን ያለው ጌም ቤት እናቱንና እርሱን ይረዳል። በውጭ አገር የሚኖር አጎታቸው ለበዓል ሲመጣ ከሻንጣው ጥቂት ቦታ ሊተውላቸው ቃል ገብቷል። ታላቅየው ሁለት ጥሩ ፓዶች እንዲመጡለት ይፈልጋል፤ ተማሪያችን ደግሞ የድብድብ ጨዋታ ሻምፒዮኖች ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲጫወቱበት በቪዲዮ ያየውን፣ ዘንግና ክብ ክብ ቁልፎች ያሉትን ሳጥን ይመኛል። ሁለቱም ሊመጡ አይችሉም። «ዶክተር፣ በፊዚክስ ዓይን የትኛው ይፈጥናል?» አለን።

ጥያቄውን በዋዛ አላየነውም። ጌም ቤት ገቢው በጨዋታ ብዛት የሚሰላ ነው፤ ከሁለት ፓዶች አንዱ ሲበላሽ ተጋጣሚ ስለማይኖር ቴሌቪዥኑ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ደንበኛውም ወደ ቀጣዩ ደጃፍ ይሻገራል። ወንድማማቾቹም በዚህ የተነሣ ለሳምንት ያህል ተኮራርፈው ነበር የቆዩት።

አስቀድመን ስለ ስም አንድ ነገር እንበል። በአዲስ አበባ ጌም ቤቶች በሁለት እጅ የሚያዘውን መጫወቻ «ጆይስቲክ» ማለት የተለመደ ነው። ስቲክ በእንግሊዝኛ ዱላ ማለት ስለሆነ ስሙ በመጀመሪያ የተሰጠው እውነተኛ ዘንግ ላለው መሣሪያ ነበር። ከጊዜ በኋላ ዘንጉ በአውራ ጣት ወደሚገፋ እንጉዳይ መሰል ጉብታ አነሰ፣ ስሙ ግን በነበረበት ቀረ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ግራ መጋባትን ለማስወገድ በሁለት እጅ የሚያዘውን «ፓድ»፣ ሳጥኑን «ዘንግ» እያልን እንጠራለን።

ዘንጉ የተወለደው በሳንቲም ከሚሠሩት ትላልቅ የመጫወቻ ማሽኖች ነው። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ስትሪት ፋይተር 2፣ በ1992 የወጣው ሞርታል ኮምባት፣ በ1994 የወጣው ቴከን ሁሉም መጀመሪያ የቀረቡት በነዚህ ማሽኖች ላይ ሲሆን፣ የጃፓንና የአሜሪካ ወጣቶች በቁማቸው ዘንግ እየጨበጡ ነው የተማሩት። በፓዱ ግራ በኩል ያለው የመስቀል ቅርጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 በኒንቴንዶ ባልደረባ በጉንፔ ዮኮይ የተቀየሰ ነው፤ ዓላማውም ዘንግን የሚተካ፣ በኪስ ሊያዝ የሚችል ጠፍጣፋ ነገር ማግኘት ነበር። በኛ አገር ከጥቂት የመዝናኛ ማዕከላት በስተቀር የሳንቲም ማሽን ዘመን አልነበረም። የድብድብ ጨዋታ ከፕሌይስቴሽን ጋር አብሮ ስለገባ የልጆቻችንን አውራ ጣት ያሳደገው ፓድ ነው። እጃችን ለዘንግ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በአስፋልት ዳር ጆተኒ ሲመታ ያደገ ልጅ የእጅ አንጓ ምን ያህል እንደሚፈጥን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ዓይን፣ አንጎል፣ ጣት

ወደ ፍጥነቱ ጉዳይ እንግባ። በድብድብ ጨዋታ ውስጥ ቴሌቪዥኑ በሰከንድ 60 ምስሎችን ያሳያል። ተጫዋቾች እያንዳንዱን ምስል ፍሬም ይሉታል፤ የአንድ ፍሬም ዕድሜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጨዋታው ከዚህ ያነሰ ጊዜ አያውቅም፤ ማን ቀደመ ማን ዘገየ የሚለው በሙሉ የሚቆጠረው በፍሬም ነው። በቴከን ፈጣን ከሚባሉት ጡጫዎች መካከል በ10ኛው ፍሬም የሚያርፉ አሉ። ይህም ወደ 167 ሚሊሰከንድ ነው።

አሁን የሰውን ልጅ እንለካው። አንባቢያችን ይህን ለማድረግ ቤተ ሙከራ አያሻውም፣ ማስመሪያ ይበቃል። ጓደኛዎ ባለ 30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ ከላይኛው ጫፍ በቁሙ ይያዝ፤ እርስዎ ጣቶችዎን ከታችኛው ጫፍ ግራና ቀኝ ሳያስነኩ ያዘጋጁ፤ ሳይነግርዎ ሲለቀው ይቅለቡት። የወደቀበትን ርቀት በ2 አባዝተው ለመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ ማለትም ለ9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ሲያካፍሉና የውጤቱን ዳግም ዘር ሲወስዱ የዘገዩበትን ጊዜ ያገኛሉ። 20 ሴንቲሜትር ላይ የቀለበ ሰው 0.20 ሰከንድ፣ 30 ሴንቲሜትር ሙሉውን ያመለጠው ሰው ከ0.25 ሰከንድ በላይ ዘግይቷል ማለት ነው። ጤነኛ ወጣት ብርሃን አይቶ ለመንካት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። እንግዲህ 167 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ጡጫ አይቶ መከላከል አይቻልም ማለት ነው። የሚቻለው መገመት ነው፤ ተጋጣሚው ካለፈው ዙር ምን እንደለመደ ማስታወስ ነው።

ይህ ገና ምርጫ በሌለበት ነው። ምርጫ ሲጨምር ጊዜውም ይጨምራል፤ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው፣ የምላሽ ጊዜ ከአማራጮቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር አብሮ ያድጋል። ተጋጣሚ ወደ ላይ ይመታ፣ ወደ ታች ይጠልፍ፣ ወይም አንቆ ይጣል ያልታወቀበት ተጫዋች አንድ ነገር ብቻ ከሚጠብቀው ይልቅ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ታዲያ መጫወቻው ራሱ ስንት ሚሊሰከንድ ይበላል? ሽቦውን ከሒሳቡ እናውጣው። በሁለት ሜትር ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪካዊው ምልክት የሚጓዝበት ጊዜ 10 ናኖሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሚሊሰከንድ መቶ ሺህኛ ክፍል ነው፤ ገመዱን ማሳጠር ትርፉ መሰናከልን መቀነስ ብቻ ነው። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ ግን ወዲያው አይረጉም፤ እንደ ወደቀ ሳንቲም ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራሉ። በመጫወቻው ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ያንን ንጥረት እንደ ብዙ ምት እንዳይቆጥር መጠበቅ ወይም ማጣራት ይኖርበታል። ከዚያም ዋናው ማሽን «የተነካ ቁልፍ አለ ወይ?» እያለ በየጊዜው ይጠይቃል። በሰከንድ 125 ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ በሁለት ጥያቄዎች መካከል 8 ሚሊሰከንድ አለ፤ 1,000 ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ 1 ሚሊሰከንድ ብቻ። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው እንጂ ከላዩ ባለው ዘንግ ወይም ጎማ አይደለም። ርካሽ ሰሌዳ የተገጠመለት ያማረ ዘንግ ከጥሩ ፓድ ሊዘገይ ይችላል። በጥሩዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከአንድ ፍሬም አይበልጥም።

የተማሪያችን ፊት እዚህ ላይ ጠቆረ። እኛም «ቴሌቪዥናችሁ ምን ዓይነት ነው?» ብለን ጠየቅነው።

ሌባው የት እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው። የድሮው ባለቱቦ ቴሌቪዥን የመጣለትን ምልክት ያለ ምንም ማሰላሰል ወደ ብርሃን ይለውጥ ነበር። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ግን ምስሉን ተቀብሎ፣ ቀለሙን አሳምሮ፣ እንቅስቃሴውን አለስልሶ ነው የሚያሳየው፤ በዚህ የተነሣ 50 ከዚያም አልፎ 100 ሚሊሰከንድ የሚያዘገዩ ቴሌቪዥኖች አሉ። 100 ሚሊሰከንድ ማለት ስድስት ፍሬም ነው። በብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚል ምርጫ ይገኛል፤ ሥራውም ያንን ሁሉ ማሳመር አስቀርቶ ምስሉን ቶሎ መልቀቅ ነው። ዋጋው ምንም ነው። በስልክ ለማረጋገጥም ይቻላል፤ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ያለው ሰው ጣቱንና ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ ቀርጾ፣ ቁልፉ ከተነካበት ተጫዋቹ እስከተንቀሳቀሰበት ያሉትን ምስሎች ቢቆጥር እያንዳንዷ 4.2 ሚሊሰከንድ ናት። ከጌም ሞድ በፊትና በኋላ ቆጥሮ ማስተያየት ነው። የጨዋታው የራሱ ማስያ ጊዜ በሁለቱም ውስጥ ስላለ ልዩነቱ የቴሌቪዥኑ ነው።

አውራ ጣትና የእጅ አንጓ

ዘንግና ፓድ በሰዓት ካልተለያዩ በምን ይለያያሉ? በእጅ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ እጅ ወደ አንድ ዒላማ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ዒላማው ሲርቅ ይጨምራል፣ ዒላማው ሲሰፋ ይቀንሳል። በፓድ መስቀል ላይ አውራ ጣት የምትጓዘው ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ዘንግ ግን መላውን እጅ ይዞ ይሄዳል። በርቀት ከሆነ ፓዱ ይቀድማል። በዒላማ ስፋት ግን ዘንጉ የራሱ ብልሃት አለው፤ የጃፓን ዘንጎች ከሥራቸው አራት ማዕዘን የሆነ ክፈፍ ስላላቸው ዘንጉ ወደ ሰያፍ ሲገፋ ከማዕዘኑ ገብቶ ይቆማል። የሰያፉ አቅጣጫ የት እንዳለ እጅ በመዳሰስ ያውቀዋል። በፓድ ላይ ሰያፍ ማለት በአንድ አውራ ጣት ሁለት አቅጣጫ እኩል መጫን ነው፤ ጣት ትንሽ ብታዘነብል አንዱ ይቀራል።

ይህ ትርጉም የሚኖረው አስቸጋሪ ምቶች ላይ ነው። በቴከን የሚሺማ ቤተሰብ ተዋጊዎች «ኤሌክትሪክ» የሚባል ጡጫ አላቸው፤ ወደ ፊት፣ መልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ታችና ወደ ፊት በሰያፍ፤ ጡጫውም ከሰያፉ ጋር በአንድ ፍሬም መግጠም አለበት። ይህን ለመቶኛ ጊዜ የሞከረ ልጅ ስለ 16.7 ሚሊሰከንድ የኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቁልፎቹም ቁጥር ነገር አለ። ስትሪት ፋይተር ሦስት ጡጫና ሦስት ርግጫ፣ በድምሩ ስድስት ቁልፍ ይጠይቃል። የፕሌይስቴሽን ፓድ ፊት ላይ ያሉት ግን አራት ናቸው፤ ሁለቱ ወደ ትከሻው ይሰደዳሉ። በዘንግ ሳጥን ላይ ስድስቱም በአንድ እጅ አምስት ጣት ሥር ይሰለፋሉ። ቴከን በአንጻሩ ለሁለት እጅና ለሁለት እግር አራት ቁልፍ ብቻ ስላለው ከፓዱ ፊት ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። ስለዚህ «ለድብድብ ጨዋታ ዘንግ ይሻላል» የሚለው ደፈናዊ አባባል የትኛው ድብድብ እንደሆነ ሳይጠየቅ መነገር የለበትም።

አሁን ደግሞ ኒውተን ይግባ። ፓድን ስንጫን አውራ ጣት ወደ ታች ትገፋለች፣ ከኋላ ያሉት ጣቶች በእኩል ጉልበት ወደ ላይ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ጉልበቶች በአንድ እጅ ውስጥ ስላሉ ፓዱ የትም አይሄድም። ተኝቶም፣ ቆሞም፣ ሰው ተደራርቦ በተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ላይም ይሠራል። ዘንግን ወደ ቀኝ ስንገፋ ግን ሳጥኑ ወደ ቀኝ ሊሸሽ ይፈልጋል። የሚያስቀረው ክብደቱና ከሥሩ ያለው ሰበቃ ነው፤ ከባድ መሆን ያለበትም ለዚሁ ነው። ጠረጴዛ በሌለበት፣ ጎረቤት በክርኑ በሚጎሽምበት የጌም ቤት አግዳሚ ላይ ሳጥን በጭን መያዝ ራሱን የቻለ ትግል ነው።

የሰውነትን ድካም ካየን ዘንግ ሥራውን ለእጅ አንጓና ለክንድ ጡንቻ ያካፍላል፤ ፓድ ሁሉንም በአውራ ጣት ላይ ይጭናል። የአውራ ጣት ጅማት ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣውን ሕመም ስዊዛዊው ሐኪም ፍሪትስ ደ ከርቫን እ.ኤ.አ. በ1895 ዘግቦታል፤ ያን ጊዜ ጌም ቤት አልነበረም። ከአውራ ጣት ሥር እስከ አንጓ ሕመም የሚሰማው ተጫዋች መጫወቻ ከመቀየሩ በፊት ይረፍ፤ ሕመሙ ካልተወው ሐኪም ይየው።

ምን ይበላሻል?

ታላቅየውን የሚያሳስበው ይህ ነው። በፕላስተር የታሸገውን ፓድ ከተማሪያችን ጋር በቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ፈታነው። ከቁልፎቹ ሥር ለስላሳ የላስቲክ ጉልላት አለ፤ ከውስጡ ካርቦን የተቀባ ጥቁር ነጥብ ይዟል። ቁልፉ ሲጫን ካርቦኑ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ያገናኛል። ላስቲኩ ሲደክም ወይም ካርቦኑ ሲያልቅ ቁልፉ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይደነቁራል። እንጉዳይ መሰሉ ጉብታ ደግሞ ከሥሩ ሁለት ፖቴንሺዮሜትሮች አሉት፤ ትንሽ የብረት ጣት በካርቦን መንገድ ላይ እየተንሸራተተች ቮልቴጁን በመለወጥ አቅጣጫን ትናገራለች። መንገዱ በሰበቃ ሲያልቅ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን መራመድ ይጀምራል። የጎበኘነው ፓድ በሽታውም ይኸው ነበር። መድኃኒቱ ያለ ንክኪ የሚሠራ መለኪያ ነው፤ ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘው ክስተት፣ ማግኔት ሲጠጋ በኤሌክትሪክ ተሸካሚው ጎን ቮልቴጅ መፈጠሩ፣ ዛሬ በአንዳንድ ፓዶች ጉብታ ሥር ይሠራል። የሚፋተግ ካርቦን ስለሌለው በዚያ መንገድ አያረጅም።

በዘንጉ ሳጥን ውስጥ ያለው አራት ማይክሮስዊች ነው። ማይክሮስዊች የታጠፈች ስስ የብረት ሞላ አላት፤ ቀስ ብለን ብንጫናትም ከአንድ ነጥብ ስታልፍ በራሷ ጉልበት ቀጭ ብላ ትገለበጣለች፣ ስለዚህ የግንኙነቱ ፍጥነት በጣታችን ፍጥነት አይወሰንም። አንዷ ብትሞት ተነቅላ በሌላ ትተካለች፤ የተቀረው ሳጥን ምንም አይሆንም። የማይክሮዌቭ ምድጃ በር ውስጥ አለች፣ ያረጀ የፎቶኮፒ ማሽን ውስጥ አለች፣ በኮምፒውተር ማውስ ውስጥም ትንሽ እኅቷ አለች። በኛ ዓይን የዘንግ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ ስለ ፍጥነት የሚወራለትን ያህል ስለ ጥገናው ሲወራ አንሰማም።

ይሁን እንጂ ለቀራንዮው ጌም ቤት ሌላ ወሳኝ ጉዳይ አለ። ወንድምየው በግልጽ እንደነገረን ከገቢው አብዛኛው የሚመጣው ከእግር ኳስ ጨዋታ ነው። የዘንጉ አራት ማይክሮስዊቾች የሚያውቁት ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ግማሽ ግፊትም ሙሉ ግፊትም ለእነርሱ አንድ ነው። የፓዱ ጉብታ በክብ ውስጥ ያለውን ማንኛውንም አቅጣጫ፣ ከነመጠኑ ይናገራል። ኳስን በስምንት አቅጣጫ ብቻ መንዳት የሚፈልግ ደንበኛ አይገኝም።

የዓለም ውድድሮች ምስክርነትም አንዱን መጫወቻ ብቻ የሚያነግሥ አይደለም። የጃፓኑ ዳይጎ ኡመሃራ እ.ኤ.አ. በ2004 በኢቮ ውድድር የጀስቲን ዎንግን ተከታታይ ምቶች አንድ በአንድ ሲያከሽፍ በዘንግ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሉፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው ውድድር የአልትራ ስትሪት ፋይተር 4 ሻምፒዮን የሆነው በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ፓድ ነው፤ ያን ጊዜ የፓዱ ሞዴል ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። የላሆሩ ፓኪስታናዊ አርስላን አሽ እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓንም በላስ ቬጋስም የቴከን 7 ኢቮን ሲያሸንፍ ሰዎች የጠየቁት ስለ መጫወቻው ከመሆኑ ይልቅ በላሆር ከነማን ጋር ሲጋጠም እንዳደገ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዘንጉን ፈጽሞ አስወጥተው አቅጣጫውንም በቁልፍ ያደረጉ ሳጥኖች በዝተዋል። ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ሊጫን ስለሚችል ክርክር አስነሥተው፣ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2023 በውድድሮቹ ደንብ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጫኑ እንደ መልቀቅ እንዲቆጠር ወስኗል።

ለወንድማማቾቹ የሰጠነው መልስ እንዲህ ነው። አጎትየው ለጌም ቤቱ ሁለት ፓዶች ያምጣ፤ ጉብታቸው በማግኔት የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። ቴሌቪዥኖቹ ዛሬውኑ ጌም ሞድ ላይ ይደረጉ። ለተማሪያችን ደግሞ ሳጥኑ ሳይሆን አንድ ባዶ ዘንግና ስምንት ቁልፎች ብቻ ይምጡ፤ ከባዱና ቦታ የሚይዘው ሳጥኑ ነውና እርሱ እዚሁ ይሠራል። በፕላስተር የታሸገው ፓድ ጉብታው ቢታመምም አእምሮው ጤነኛ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ካለው መስመር አንድ ሽቦ፣ ለሁሉም የጋራ ከሆነው መስመር አንድ ሽቦ በሊድ ተበይዶ ወደ ማይክሮስዊቾቹ ቢሳብ፣ ፕሌይስቴሽኑ የሚያየው ያንኑ የድሮ ፓድ ነው።

ሳጥኑን በኮልፌ ያለ አናጺ ከኮምፔንሳቶ ሠርቶታል። ቁልፎቹ ግን በስስ ነገር ላይ ቀጭ ብለው የሚቀመጡ ስለሆኑ ላይኛው ገጽ የሁለት ሚሊሜትር ላሜራ እንዲሆን መከርን። ቀዳዳዎቹ ልክ 30 ሚሊሜትር መሆን አለባቸው፤ ላሜራ ሠራተኛው ያለው መሰርሰሪያ ባለ 32 ነው። ተማሪያችን ትናንት መጥቶ ከቤተ ሙከራው ካሊፐርና ግማሽ ክብ ሞረድ ተውሶን ሄዷል፤ ባለ 28 መሰርሰሪያ ከመርካቶ ካገኘ የቀረውን በሞረድ ሊያሰፋው ነው።